በተፈጥሮ የበሰለ እንቁላል፣ በመርፌ የበሰለ እንቁላል



የመካንነት ሕክምና የጀመረች ሴት ቦርሳዋ ውስጥ የደም ምርመራ ውጤት አይጠፋም። ወረቀቱ ላይ ኢስትራዳዮል ከሚለው ቃል ትይዩ አንድ ቁጥር ተጽፏል። ያለ መርፌ፣ በራሷ የወር ዑደት እንቁላሏ የደረሰላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ታነባለች። በየማታው መርፌ ስትወጋ የሰነበተችው ደግሞ 2,000 ወይም 3,000 ታነባለች። ሁለቱ በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው ወረቀት ቢያስተያዩ፣ የመጀመሪያዋ ቅር ይላታል፤ ሁለተኛዋም ሰውነቷ አሥር እጥፍ የበረታ ይመስላታል።

ይህ አነባበብ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ አይደለም። ድምሩ በእርግጥ ትልቅ ነው። ነገር ግን ድምሩን ለሠሩት ከረጢቶች ብናካፍለው የእያንዳንዷ ድርሻ በተፈጥሮ ብቻዋን ከበሰለችው አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ለምን እንደሚያንስ፣ ማነሱስ ምን እንደሚያስከትልና ምን እንደማያስከትል ዛሬ እንነጋገራለን።

ከረጢት ያልኳት ፎሊክል የምትባለዋን ነው። ኦቫሪ ውስጥ ያለች እንቁላል ብቻዋን አትቀመጥም። ዙሪያዋን ግራኑሎሳ የሚባሉ ህዋሳት ከበዋት ይኖራሉ፤ ከእነሱ ውጭ፣ ከአንድ ስስ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ደግሞ ቴካ የሚባሉ ህዋሳት አሉ። የደም ሥር የሚደርሰው እስከ ቴካዎቹ ድረስ ነው። ግራኑሎሳዎቹ እንቁላሏ እስክትወጣ ድረስ ያለ ደም ሥር ይኖራሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ግድግዳውን ሰርጎ ይደርሳቸዋል።

ታዲያ ኢስትራዳዮል የሚገኝበትን፣ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሆርሞን ቤተሰብ የሚሠራው የትኛው ነው? ቤንግት ፋልክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ በ1959 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ውጤቱን ያሳተመበት ሙከራ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ከአይጥ ኦቫሪ ላይ ህዋሳቱን ለያይቶ ወሰደና በአይጧ ዓይን የፊተኛ ክፍል ውስጥ ተከላቸው። አጠገባቸው ኢስትሮጅን ሲያገኝ መልኩን የሚለውጥ የብልት ሽፋን ቁራጭ አኖረ። ዓይን መስኮት ነው፤ የሚሆነው ከውጭ ይታያል። ቴካ ብቻውን ሲተከል ቁራጩ አልተለወጠም። ግራኑሎሳ ብቻውንም እንዲሁ። ሁለቱ አብረው ሲተከሉ ግን ኢስትሮጅን ተገኘ።

ምክንያቱ ከጊዜ በኋላ ተብራርቷል። ቴካ ፈታይ ናት፣ ግራኑሎሳ ሸማኔ ነው። ፈታይዋ የምታቀርበው ፈትል በተለምዶ የወንድ ሆርሞን የምንላቸው አንድሮስቴንዲዮንና ቴስቶስትሮን ናቸው። ሸማኔው አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም ያንን ፈትል ተቀብሎ ኢስትራዳዮል አድርጎ ይሸምነዋል። የሥራ ትእዛዙ ለሁለቱም የሚመጣው ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ነው፤ ነገር ግን በሁለት የተለያዩ መልእክተኞች። ፈታይዋን የሚያሠራት ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን ነው። ሸማኔውን የሚያሠራው ኤፍኤስኤች ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የቀረው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

በተፈጥሮ ዑደት መጀመሪያ ላይ ኤፍኤስኤች ጥቂት ከፍ ይላል። በርከት ያሉ ትንንሽ ከረጢቶች ትእዛዙን ሰምተው ማደግ ይጀምራሉ። አንዷ ቀድማ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ስትጠጋ ኢስትራዳዮልና ኢንሂቢን የተባለ ሌላ ሆርሞን አምርታ ወደ ደም ትልካለች። ፒቱታሪ ይህን ስትሰማ ኤፍኤስኤችን ትቀንሳለች። እህቶቿ ትእዛዙ ሲሳሳባቸው ይከስማሉ። መሪዋ ግን እስከዚያ ድረስ የግራኑሎሳ ህዋሳቷ የኤልኤች መቀበያ አብቅለዋል፤ ስለዚህ ኤፍኤስኤች ቢያንስም በሁለተኛው መልእክተኛ ትደገፋለች። ኢስትራዳዮሉ ከ200 በላይ ሆኖ ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ፒቱታሪ በተራዋ ከፍተኛ የኤልኤች ሞገድ ትለቃለች፤ ሞገዱ ከጀመረ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሏ ትወጣለች። ባዶ የቀረችው ከረጢት አትጣልም። ግራኑሎሳዎቿ ቢጫ አካል ወደሚባለው ይለወጡና ፕሮጄስትሮን ማምረት ይጀምራሉ። ማህፀንን ለፅንስ የሚያዘጋጀው ይህ ነው።

የማነቃቂያ መርፌው የሚያደርገው ምንድን ነው? ኤፍኤስኤች እንዳይቀንስ ያደርጋል። በየቀኑ ከውጭ ስለሚጨመር ሊከስሙ የነበሩት እህትማማቾች አብረው ያድጋሉ። ብዙ ሴቶች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ «መርፌው እንቁላሌን አይጨርስብኝም ወይ?» አይጨርስም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ወይም 400 ሺህ ይቀራታል፤ በዕድሜዋ ሙሉ በትክክል የሚወጡት ግን 400 ወይም 500 ቢሆኑ ነው። የቀሩት በየወሩ ማንም ሳያያቸው ይከስማሉ። መርፌው የሚሰበስበው በዚያ ወር ሊከስሙ ከነበሩት ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ይገርማል። ፒየሮ ዶኒኒ የሚባል ጣሊያናዊ ኬሚስት ሴሮኖ በተባለው የሮም መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ካረጡ ሴቶች ሽንት ኤፍኤስኤችና ኤልኤች ማጣራት የጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ካረጡ ሴቶች የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ኦቫሪ መልስ መስጠት ሲያቆም ፒቱታሪ ትእዛዟን እያጠነከረች ትሄዳለች፤ የተረፈውም በሽንት ይወጣል። ብሩኖ ሉነንፌልድ የተባለው ሐኪም መድኃኒቱን በሰው ላይ ለመሞከር ብዙ ሽንት ሲያስፈልገው የተገኙት የጣሊያን አረጋውያን መነኮሳት ነበሩ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በአንድ ገዳም አብረው ይኖራሉ፤ ለመሰብሰብም ያመቻሉ። ፐርጎናል የተባለው ይህ መድኃኒት የመጀመሪያውን ልጅ ያስወለደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእስራኤል ነው። የገዳም መነኮሳት ለእናትነት ያበረከቱት ድርሻ በየትኛውም ገድል ላይ ባይጻፍም እኔ ሁልጊዜ አነሳዋለሁ።

ዛሬ በብዛት የምንወጋው በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣውን፣ በላቦራቶሪ የሚመረተውን ንጹህ ኤፍኤስኤች ነው። ንጹህ ማለት ኤልኤች የሌለበት ማለት ነው። የድሮው የመነኮሳቱ መድኃኒት ሁለቱንም ይዞ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፈታይዋና ወደ ሸማኔው እንመለስ። አሥር ከረጢት አብረው ሲያድጉ ኢስትራዳዮል በፍጥነት ስለሚንር ፒቱታሪ ጊዜው ሳይደርስ የኤልኤች ሞገድ ልትለቅ ትችላለች። ያ ከሆነ እንቁላሎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ይወጡና የሁለት ሳምንት ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህን ለመከላከል ሐኪሙ የፒቱታሪን አፍ የሚያስይዝ ሌላ መርፌ ይጨምራል። አፏን ስትይዝ ግን ሞገዱ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለቱም ኤልኤች አብሮ ይወርዳል። ውጤቱን ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ሸማኔዎቹ በዝተዋል፣ ትእዛዝም እንደ ጉድ ይጎርፍላቸዋል፤ ፈታይቱ ግን እጇን አሳጥራለች።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። እንቁላል ሲሰበሰብ በአልትራሳውንድ እየታየ ረጅም ቀጭን መርፌ ወደ ከረጢቷ ይገባና ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽ ይስባል። 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ካላት ከረጢት የሚወጣው 3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹ ሳይቀዘቅዝ በሙከራ ቱቦ ወደ ላቦራቶሪ ይሮጣል። ባለሙያዋ በማይክሮስኮፕ ሥር ስትፈልግ ከሁሉ በፊት የምታየው እንቁላሏን አይደለም፤ እንቁላሏ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብትሆን ነው። መጀመሪያ የሚታያት በእንቁላሏ ዙሪያ የተጣበቁት የግራኑሎሳ ቤተሰብ ህዋሳት የሠሩት የሚለጠጥ ጉብታ ነው። እንቁላሏ ተለይታ ከተወሰደች በኋላ ፈሳሹ ይደፋል። በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ሚካኤል ፎን ቮልፍና ባልደረቦቹ ግን አልደፉትም። ያለ ማነቃቂያ ከተዘጋጁ ሴቶችና በተለመደው መርፌ ከተዘጋጁ ሴቶች የተወሰደውን ፈሳሽ አነጻጽረው ውጤቱን በ2014 አሳተሙ። በመርፌ ባደጉት ከረጢቶች ውስጥ ኤልኤች ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቴስቶስትሮንም ዝቅ ብሏል። ኢስትራዳዮልም እንዲሁ። ግራኑሎሳዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት ኤኤምኤች የተባለው ሆርሞንም ቀንሶ ነበር፤ ይህም ጉዳዩ የፈትል ማነስ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሸማኔው ባሕርይም ጥቂት እንደተለወጠ ያመለክታል።

ከዚህ ተነስቶ «በመርፌ የበሰለ እንቁላል እንቁላል አይደለም» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ወሬ ተፈጥሯዊ መድኃኒት እንሸጣለን ከሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። በከረጢቷ ውስጥ ያለው ሆርሞን መለወጡ አንድ ነገር ነው፤ እንቁላሏ ተበላሽታለች ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተለክቷል፤ ሁለተኛው አልተረጋገጠም። በዓለም ላይ አይ ቪ ኤፍ በሚባለው፣ እንቁላልን ከሰውነት ውጭ በማዳበር ሕክምና ከተወለዱት ከ10 ሚሊዮን በላይ ልጆች አብዛኞቹ የመርፌ ዑደት ልጆች ናቸው። የእንቁላልን ጥራት ከምንም በላይ የሚወስነው የእናትየው ዕድሜ ነው፤ እሱን ደግሞ መርፌውም ተፈጥሮውም አይመልሰውም።

የሆርሞኑ መለወጥ በግልጽ የሚታየው እንቁላሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ይህን ያወቁት የአይ ቪ ኤፍ ፈር ቀዳጆች ናቸው፤ ያወቁትም በመከራ። ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም ውስጥ በመርፌ ብዙ እንቁላል እየሰበሰቡ ለዓመታት ፅንስ ወደ ማህፀን ቢመልሱም አልያዘላቸውም። በ1976 ይፋ ያደረጉት አንድ እርግዝና ከማህፀን ውጭ ሆነ። የመርፌ ዑደቶቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያለ ልክ አጭር እንደነበር አስተውለዋል፤ ሴቶቹ ፅንሱ ሳይተከል ወር አበባ ይመጣባቸው ነበር። በመጨረሻ መርፌውን እርግፍ አድርገው ተዉት። ታካሚያቸው ሌስሊ ብራውን ኤልኤችዋ የሚነሳበትን ሰዓት ለማወቅ ሽንቷ በየሦስት ሰዓቱ ይለካ ነበር። ኖቬምበር 10 ቀን 1977 ከእሷ አንዲት እንቁላል ብቻ ተወሰደች። ልጇ ሉዊዝ ብራውን ጁላይ 25 ቀን 1978 ተወለደች። የዓለም የመጀመሪያዋ የአይ ቪ ኤፍ ልጅ የተፈጥሮ ዑደት ልጅ ናት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

የዑደቱ ማጠር በመጀመሪያ የተሳበበው በመርፌ ማውጣቱ ላይ ነበር፤ ፈሳሹ ሲሳብ ግራኑሎሳዎቹ አብረው ስለሚወጡ ፕሮጄስትሮን የሚሠራ አልተረፈም ተባለ። ነገሩ እውነት ይመስላል። ሆኖም በተፈጥሮ ዑደት ውስጥ ያለችን ከረጢት መርጠው ሲስቡላት ዑደቱ አላጠረም። ጥፋተኛው ሌላ ነበር። ብዙ ከረጢቶች ያመረቱት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ተደምሮ ፒቱታሪን ዝም ያሰኛታል፤ ኤልኤች ሲጠፋ ደግሞ ቢጫ አካሎቹ አሥር ሆነው ሳለ ያለ ጊዜያቸው ይሞታሉ። ለዚህ ነው በመርፌ ዑደት አልፋ በዚያው ዑደት ፅንስ ለሚገባላት ሴት በብልት በኩል የሚገባ ወይም በመርፌ የሚሰጥ ፕሮጄስትሮን የሚታዘዘው። «ሆርሞኔ ሰማይ ነክቶ ሳለ ለምን ይጨመርብኛል?» ብላ የምትጠይቅ ታካሚ ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መልሱም ይኸው ነው።

የአሜሪካኖቹ ጆንሶች፣ ሃዋርድና ጆርጂያና፣ በቨርጂኒያ ኖርፎክ ወደ መርፌው ተመልሰው ዲሴምበር 28 ቀን 1981 ኤልዛቤት ካርን አስወለዱ። ከዚያ ወዲህ ዓለም በሙሉ መርፌውን ተከተለ። የተከተለበትም ምክንያት አለው። በተፈጥሮ ዑደት ያለችው አንዲት እንቁላል ናት። ከመሰብሰቧ በፊት ልትወጣ ትችላለች፤ ላትገኝ ትችላለች፤ ተገኝታም ላትዳብር ትችላለች። ዙር ለዙር ሲነጻጸር የተፈጥሮው የመውለድ ዕድል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መደጋገም ይጠይቃል። መርፌ የወሰደችዋ ግን የተረፉ ፅንሶችን አስቀዝቅዛ ልታቆይ ትችላለች። በእኔ ፍርድ፣ ዕድሜዋ ገና የሆነና ኦቫሪዋ በደንብ የሚሠራ፣ ቱቦዋ የተዘጋባት ሴት ስለ ተፈጥሮው መንገድ ሐኪሟን ብትጠይቅ አያስነውርም። መርፌው ቢወጋም ከአንዲት እንቁላል በላይ የማይሰጣት ሴትም እንዲሁ፤ ለከንቱ መድኃኒት ገንዘብ ማፍሰስ የለባትም። የብዙዎቹ መንገድ ግን አሁንም መርፌው ነው፤ መጠኑ በልክ ይሁን እንጂ። እንቁላል በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለው ፉክክር ነው የማይወደድልኝ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። እንቁላሎቹ እንዲበስሉ በመጨረሻው ቀን የሚሰጠው መርፌ በተለምዶ ኤችሲጂ ነው። የኤልኤችን ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ ኤልኤች ከደም ቶሎ ሲጠፋ ኤችሲጂ ለቀናት መቆየቱ ነው። ሃያና ሠላሳ ከረጢት ባበቀለች ሴት ውስጥ ለቀናት የሚታዘዙት ግራኑሎሳዎች የደም ሥርን የሚያሳስስ ንጥረ ነገር ያመርታሉ። ከደም ሥር ፈሳሽ እየሰረገ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲብስ እስከ ሳንባ ይደርሳል፤ የቀረው ደም ደግሞ ስለሚወፍር ሊረጋ ይችላል። ዛሬ ይህን የምንቀንስበት መንገድ አለን። በኤችሲጂ ፋንታ የሴቲቱን የራሷን ፒቱታሪ አጭር ሞገድ የሚያስለቅቅ መርፌ እንሰጣለን፤ ፅንሶቹንም አስቀዝቅዘን ለሌላ ወር እናቆያለን። ቢቻል ያም ወር ቢጫ አካል ያለበት የተፈጥሮ ዑደት ይሁን እላለሁ። ቢጫ አካል በሌለበት፣ በክኒንና በመርፌ ብቻ በተዘጋጀ ማህፀን በተያዘ እርግዝና የደም ግፊት ችግር በርከት ብሎ ታይቷልና።

አገራችን በ2019፣ በእኛ 2011 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን የመንግሥት አይ ቪ ኤፍ ማዕከል ከፍታለች። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን እስከ ሁለት ልጅ ድረስ ሕክምናው በመንግሥት ወጪ ይሸፈንላቸዋል። ብዙዎቻችሁ ግን ዘመድ አዝማድ ሳይሰማ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ሄዳችሁ ትታከማላችሁ፤ እንቁላሉ በተሰበሰበ ወይም ፅንሱ በገባ በሳምንቱ አውሮፕላን ተሳፍራችሁ ትመለሳላችሁ። አሁን የተናገርኩት ሕመም ደግሞ የሚነሳው ከመጨረሻው መርፌ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ እርግዝናው ከያዘ በሁለተኛውም ሳምንት ሊነሳ ይችላል። ያኔ ሐኪማችሁ ሌላ አገር፣ እናንተ እዚህ ናችሁ።

ሆዳችሁ በአንድ ቀን ከተነፋ፣ ሽንታችሁ ካነሰ፣ ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም አንድ እግራችሁ ካበጠ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ ያለው ሐኪም ትርፍ አንጀት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። አማት አትስማ፣ ጎረቤት አይወቅ ብላችሁ የደበቃችሁትን ነገር ለእሱ አትደብቁት። የእንቁላል መርፌ ወስጃለሁ፣ የተሰበሰበልኝም በዚህ ቀን ነው በሉት።